ወልደ ሰንበትና እሳት ያየው ድንጋይ

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከዞረ በኋላ አንኮበር ጭር አለች። አንጥረኛው ወልደ ሰንበት ግን ቀድሞም ብቸኛ ነበር። ዓይኑ ሰው ይበላል ስለሚባል ቀለበት የሚያሠሩት ሁሉ በአጥር ላይ አቀብለው በአጥር ላይ ይቀበላሉ። ከግቢው የሚዘልቅ ከእናናየሁ በቀር አልነበረም።

እናናየሁ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አልፎ አልፎ ገብታ ከወናፉ አጠገብ ትቀመጣለች። “አትፈሪኝም?” ሲላት፣ “ምኔን ይበሉታል? አጥንት ብቻ ነኝ” ትለዋለች። እርሱም ሳምንቱን ሙሉ ያልተናገረውን ለእርሷ ይናገራል።

አንድ ቀን ከምንጭ ዳር ጭቃ ስትዝቅ ያገኘችውን ትንሽ ድንጋይ ይዛ መጣች። ሲያገላብጠው ከውስጡ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ተላወሰ። ዓይኑን መንቀል አቃተው።

“እንዲህ ያለውን በአንድ ነጋዴ ቀለበት ላይ አይቻለሁ። ሁለት በሬ ያወጣል።”

“ኧረ ለእኔ አንዱም ይበቃኛል! መሬቴ ጦም ካደረ ሁለት ክረምት ሆነው።”

“ብርጭቆ እንዳይሆን ልፈትነው። በሳምንት ተመለሽ።”

በሞረድ ፋቀው፤ ጥርጣሬው አልለቀቀውም። ወርቅና ብር ሲፈትን የኖረው በእሳት ነው፤ ሌላ መፈተኛ አያምንም። በወረንጦ ይዞ ወደ ፍሙ አስጠጋው። ብርጭቆ ቢሆን ይለሰልስ ነበር። ይኸኛው ቋ አለ። ሲያወጣው በስንጥቅ ተሸፍኖ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ያ ብርሃን የለም።

በሳምንቱ ስትመጣ ድንጋዩን በመዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

“እሳት አስነክቼው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ድንጋዩን አገላብጣ አየችው። “እሳት ድንጋይን ምን ያደርገዋል? ሦስቱ ጉልቻዎቼ ከተዳርኩ ጀምሮ እሳት ላይ ናቸው።”

“ይኼ እንደ ጉልቻ አይደለም፤ እመኚኝ።”

“ያን ቀን እንዴት አድርገው እንዳዩት እኔም አይቻለሁ።”

“ሠርቼ በሬውን እገዛልሻለሁ።”

“ይቅርብኝ።” ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ቁጣ አልነበረባትም። “በማርያም ይዤዎታለሁ፣ በደጄ አይለፉ። ልጆች አሉኝ።”

“እሺ” አላት።

ከዚያ ወዲህ ወልደ ሰንበት ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርደው በገደሉ በኩል ሆነ። ያ መንገድ ግማሽ ቀን ይጨምራል፤ ሰውም አይገኝበትም።