ሠላሳ አንደኛው ፎቶ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመጀመሪያ ግዳጄ ከኮምፒውተር ውስጥ እንሽላሊት ማውጣት ነበር። አለቃዬ አቶ ግርማ አንድ ባለ ኮከብ ካቻቪቴ፣ አንድ የቀለም ብሩሽና አንድ ብሎወር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ሰይድ፣ ትምህርት ቤት ያስተማሩህን ለጊዜው እርሳው። ጋምቤላ ውስጥ ማሽን አልነሳ ካለህ መጀመሪያ ክፈተውና ማን እንደገባበት እይ» አሉኝ። ከፈትኩት። እንሽላሊቷ የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ላይ ተጣብቃ ደርቃለች። አወጣኋት፤ አቧራውን ነፋሁት፤ ማሽኑ ተነሳ። አቶ ግርማ ሳቁ። «በል፣ ዛሬ ቴክኒሻን ሆንክ።»

እንደዚያ ነው የጀመርኩት። ከጀማሪ ቴክኒሻን እስከ ሲኒየር ቴክኒሻን ድረስ በአንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ ሠራሁ። የጀዊ፣ የኩሌና የፑኝዶ ስደተኛ መጠለያዎች ቢሮዎች ኮምፒውተሮች የእኔ ነበሩ። አሁን ሥራውን ትቼ አባቴ ከወሎ መጥቶ የከፈተው ሱቅ ውስጥ ስኳርና ሳሙና እሸጣለሁ። ሱቁ ክፉ አይደለም። ግን ደንበኛ ሲጠፋ እጄ ሳይታወቀኝ መሳቢያ ከፍቶ ካቻቪቴዋን ይፈልጋል። ናፍቆኛል፤ ለምን እደብቃለሁ።

ከሁሉም የሚናፍቀኝ የጀዊው የፍለጋ ቢሮ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጸሐፊ። ጸሐፊው ኡጁሉ ይባላል፤ የጋምቤላ ልጅ፣ አኙዋክ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር የሚመራ ሰው ነው። አማርኛውን ከገበያ፣ ኑዌርኛውን ከጎረቤት ነው የተማረው። ሥራው በስደት መንገድ ላይ የተጠፋፉ ሰዎችን መመዝገብ ነበር። ፎቶ ያለው ሰው ፎቶ ያመጣል፤ ኡጁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል።

ኮምፒውተሩ ጠዋትና ከሰዓት የምዝገባ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ኡጁሉ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ ያዞርና የሚፈለጉትን ሰዎች ፎቶ በተራ እንዲያሳይ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ፎቶ ግማሽ ደቂቃ ይቆማል። ከመስኮቱ ውጪ በጣሪያው ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያያል፤ የሚያውቀው ፊት ካየ ይናገራል።

ቢሮው አንድ ልማድ ነበረው። የተፈለገው ሰው በሕይወት ከተገኘ ቤተሰቡ ወዲያው ይጠራል፤ እልልታው እስከ በሩ ድረስ ይሰማል። መሞቱ ከተረጋገጠ ግን ቢሮው አይጠራም። ፎቶው በዝምታ ይወርዳል፤ ከዚያ ሽማግሌዎችና ፓስተሩ ወደ ቤት ሄደው ያረዳሉ። ይህንን ልማድ ጀዊ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ከእኔ በቀር ማለቴ ነው።

አንድ ቀን አቶ ግርማ ጠሩኝ። «የጀዊው ማሽን ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ባትሪው ያልቃል። ምዝገባ ቆሟል እያሉ ነው። ሂድና እየው።»

ጉዳዩ ቀላል መሰለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ በሚባለው መጠባበቂያ ባትሪ ይቆያል። ማንም ካልነካው ስክሪኑ በአሥር ደቂቃ እንዲጠፋ፣ ማሽኑም ከዚያ በኋላ ስሊፕ እንዲገባ እኔው ራሴ አስተካክዬ ነበር የሄድኩት። ሄጄ ሳየው ሁለቱም «በፍጹም» ላይ ናቸው። ማለትም ስክሪኑ በፍጹም አይጠፋም፤ ማሽኑም በፍጹም አይተኛም። ወደ አሥር ደቂቃ መለስኩትና ወጣሁ።

በሳምንቱ ስመለስ እንደገና «በፍጹም» ሆኗል።

ያኔ እሳት ነበርኩ። ለኡጁሉ «ይህንን የነካ ሰው ካለ በጽሑፍ ነው የማስጠነቅቀው፤ ፋይሉ ውስጥ ይገባል» አልኩት። ኡጁሉ አየኝ። «እሺ» አለ። እኔም ሰው አይደለም ማለት ነው ብዬ ማሽኑን መጠርጠር ጀመርኩ።

ሦስት ሳምንት ደከምኩበት። ቫይረስ ፈተሽኩ፤ የለም። የዩፒኤሱ ሶፍትዌር ነው ብዬ አውጥቼ እንደገና ጫንኩት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ባትሪ ቀየርኩ። የፓወር ፕላኑን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ አጠቃቀም ሴቲንጉን፣ ሰርዤ አዲስ ሠራሁ። አሥር ደቂቃ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ስመጣ «በፍጹም» ነው። አቶ ግርማ በየቀኑ «ያቺ ማሽን ተኛች ወይስ እንደኔ እንቅልፍ አጣች?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሳቁ ለእሳቸው ነበር፤ እኔን አላሳቀኝም።

በመጨረሻ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ሎግ ከፈትኩ። ለውጡ የሚመጣው ሁልጊዜ በሥራ ቀን ነው፤ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለምሳ ከመውጣት በፊት። ቫይረስ ደግሞ ምሳ አይወጣም። ሰው ነው። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ከየት እንዳገኘውም አወቅኩ፤ እኔው እንዳልረሳው ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ኪቦርዱ ሥር በፕላስተር ለጥፌው ነበር።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ኡጁሉ እናቱ ታማበት ከዋዜማው ፈቃድ ወጥቶ አቦቦ ሄዷል። በእሱ ቦታ የመጣው ጊዜያዊ ጸሐፊ ፎቶዎቹን ምሳ ሰዓት ላይ መክፈት እንዳለበት ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ማንንም አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ቀደድኩ፤ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ ሴቲንጉን አሥር ደቂቃ ላይ አድርጌ ቆለፍኩት። ወደ ከተማ ስመለስ ለአቶ ግርማ አፌን ሞልቼ «አልቋል» አልኳቸው። ባትሪው በእርግጥም ከዚያ ወዲያ አላለቀም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ኡጁሉ ከፈቃድ በተመለሰ ቀን ደወለልኝ።

«ሰይድ፣ ማሽኑ ላይ ምን አደረግህ?»

«ቆለፍኩት። ማን እንደሚነካው አውቄያለሁ።»

«እኔ ነኝ የነካሁት» አለ። «ማማ ኛዋል የለችም። ና።»

ማማ ኛዋል ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት፣ ጀዊ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ኡጁሉ ነገረኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነች። ጋትኩት የሚባለው ልጇ ድንበር ሲሻገሩ ከእጇ ጠፋ። ያላት ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የተነሳው፣ ያውም በሰው ስልክ ውስጥ። ኡጁሉ የልጁን ፊት ለይቶ አሰፋና ኮምፒውተሩ ላይ ጫነው። ስልኩ ባለቤቱን ተከትሎ ሄደ። በዓለም ላይ የጋትኩት ፊት የቀረው እዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ ሆነ።

«ለምን አላተምክላትም?»

«አተምኩላት። ፕሪንተሩ ጥቁር ብቻ ነው። ዓይኑ ብቻ ነጭ ሆኖ ወጣ። ‹ይሄ ልጄ አይደለም› ብላ መለሰችልኝ።»

ስለዚህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ትመጣለች። የወንበሩ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ፎቶዎቹ በምዝገባ ቁጥር ነው የሚሄዱት፤ የጋትኩት ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው። አንዱ ፎቶ ግማሽ ደቂቃ ከሆነ እሱ ጋ ለመድረስ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የእኔ ስክሪን ግን በአሥር ደቂቃ ይጠፋል። ሃያ ሰው አሳይቶ ይጨልማል።

ሒሳቡን ስሠራው ቆሌዬ ተገፈፈ።

ኡጁሉ ያንን ነው እኔ በቀየርኩት ቁጥር ወደ «በፍጹም» የሚመልሰው። ባትሪው እንዲበቃው ብሎ በዚያ የመጋቢት ሙቀት የራሱን ማራገቢያና ራውተሩን አጥፍቶ ነበር ምሳውን የሚበላው። በዚያ ወራት አኙዋክና ኑዌር በከተማው ውስጥ በጥሩ ዓይን አይተያዩም ነበር። እሱ ግን ላብ በላብ ሆኖ ተቀምጦ የኑዌር እናት ልጇን እስክታይ ይጠብቃል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ፋይል ውስጥ ይገባል አልክ። አንተ ‹ማን ነካው› አልክ እንጂ ‹ለምን› አላልክም።»

ከወንበሩ ተነሳሁ።

ወደ መጠለያዋ ሄድን። ጎረቤቷ የሆነችውን ሴት ኡጁሉ በኑዌርኛ አነጋገረና እየቆራረጠ ተረጎመልኝ። ማማ ኛዋል ሰኞ ሄዳ ስክሪኑ ልጇ ጋ ሳይደርስ ጨለመባት። ማክሰኞ እንደዚያው። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው። ጊዜያዊውን ጸሐፊ በምልክት ብትጠይቀው አልገባውም። ከዚያ ቤቷ ገብታ ሽማግሌዎቹን ጠበቀች። ማንም አልመጣም። «ልጄን አውርደውታል፤ ለመንገር ፈርተው ነው» አለች። ለቅሶዋን ከዘመዶቿ ጋር ልትቀመጥ ወደ ፑኝዶ ሄደች።

በሕይወት ያለ፣ ወይም መኖር አለመኖሩ ያልታወቀ ልጅ እኔ ገደልኩባት። በአንድ ቁልፍ።

ያንኑ ቀን ቁልፉን ፈትቼ «በፍጹም» ላይ መለስኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። አቶ ግርማን አዲስ ባትሪ ለመንኩ፤ ታሪኩን ስነግራቸው ቀልዳቸውን ትተው ከመጋዘን ሁለት አወጡልኝ። የፑኝዶ ማሽኖችን ልጠግን በሄድኩ ቁጥር ስለ ማማ ኛዋል ጠየቅኩ። አንዱ «ዘመዶቿ ዘንድ ከርማ ሄደች» ይላል፤ ሌላው «ድንበሩን ተሻግራ ወደ አገሯ ተመለሰች» ይላል። ስልክ የላትም። የሄደችበትን እርግጡን የሚያውቅ አጣሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጀዊ ነበርኩ፤ የማሽኑን አቧራ እየነፋሁ። አንድ ረጅም ወጣት መስኮቱ ላይ ቆመ። አማርኛው የትምህርት ቤት ነው።

«ፎቶዬ እዚህ አለ ብለውኛል» አለ።

ኡጁሉ ገና ሲያየው አወቀው። በየቀኑ ያየው ፊት ነው፤ አድጓል እንጂ አልተለወጠም። ጋትኩት ኩሌ ነበር የሚኖረው፤ እዚያ የእናቱን ስም የመዘገበው ሌላ ጸሐፊ ከእኛ ዝርዝር ጋር ሳያገናኘው ቀርቷል። አንዲት ሴት ጀዊ ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ምሳ ሰዓት መስኮቱ ላይ አይታው ነው የነገረችው። ማሽኑ «በፍጹም» ላይ ስለነበር አየችው።

«እናቴ የት አለች?» አለ።

ኡጁሉ ወደ እኔ ዞረ። ይህንን መንገር የእኔ ፋንታ ነበር። ነገርኩት፤ ምንም ሳልቀንስ። ሴቲንግ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደቆለፍኩት፣ እናቱ እሱን እንደሞተ ቆጥራ እንደሄደች። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመታኝም ባልከፋኝ ነበር። ልጁ ግን ወደ ወንበሩ ሄዶ ተቀመጠ። እሷ ትቀመጥበት የነበረው ጥግ ላይ ነበር፤ ማንም አልነገረውም።

«እዚህ እየመጣች እኔን ታይ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«በየቀኑ» አለው ኡጁሉ።

ኡጁሉ የምዝገባ ፎርሟን አወጣ። ስትመዘገብ የተነሳችው ፎቶ አለ። ስካን አደረግነው። ጋትኩትን ከሠላሳ አንድ አወረድነውና በቦታው እሷን አስገባን። ሴቲንጉ «በፍጹም» ላይ መሆኑን በራሴ ዓይን አረጋገጥኩ። ልጁ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አብሮን ጠበቀ፤ ሠላሳ ሰው አለፈ፤ ከዚያ እናቱ መጣች። ግማሽ ደቂቃ አያት። እስኪዞር ድረስ ሌላ ዙር ጠበቀ። በማግስቱ ወደ ፑኝዶ ሄደ።

እኔ ሥራውን የለቀቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚህ ምክንያት አይደለም፤ አባቴ ደክሞ ነው። ኡጁሉ አሁንም እዚያው አለ። ሲደውልልኝ ሰላምታ ሳልጨርስ የምጠይቀውን ያውቃል። «አልወረደችም» ይለኛል። አልተገኘችም ማለት ነው፤ ሞታለችም ማለት አይደለም። ልጁም እየፈለገ ነው።

ወደዚያ አቅጣጫ ዕቃ ሳደርስ ሰዓቴን አስልቼ ምሳ ሰዓት ላይ ጀዊ እደርሳለሁ። ከወንበሩ ሌላኛው ጫፍ እቀመጣለሁ፤ የእሷን ጥግ አልነካም። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቄ አይቻት እሄዳለሁ። ኡጁሉ ማራገቢያውን አሁን አያጠፋም፤ አዲሶቹ ባትሪዎች ይበቃሉ።

ለወጣት ቴክኒሻኖች አንድ ነገር ልበል። ሴቲንግ እየተቀያየረ ካስቸገራችሁ ሎጉን ቶሎ ክፈቱ፤ እንደ እኔ ሦስት ሳምንት አትባክኑ። የሚቀይረው ሰው መሆኑን ካወቃችሁ ግን አትቆልፉ። ሄዳችሁ ለምን እንደሚቀይረው ጠይቁት።