ስለ ፕሉቶ የተጠየቅሁበት ቀን

ከክፍል የወሰዱኝ ሁለት ፖሊሶች ጠመኔውን እስካስቀምጥ እንኳ አልጠበቁኝም። ነገሌ ላይ ያስገቡኝ የእስር ክፍል ኮርኒስ አልነበረውም፤ ከራሳችን በላይ ያለው ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ከረፋድ በኋላ ቆርቆሮው ስለሚግል የሚያወራ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን መቶ አለቃው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ተማሪዬ ደብተር ተዘርግቷል። በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ።

«ለፀሐይ የቀረበ ፕላኔት ብዙ ብርሃንና ሙቀት ያገኛል፤ የራቀው ጥቂት።» ቀና አለ። «የቀረበው ማነው?»

«ሜርኩሪ።»

«የራቀውስ?»

«ፕሉቶ።»

«ፀሐይዋ ናት የምትነፍገው?»

«አትነፍግም፣ ጌታዬ። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ትለቃለች። ብርሃኑ ነው ርቆ ሲሄድ እየተበተነ የሚሳሳው።»

«ንጉሠ ነገሥቱን ፀሐያችን እንደምንላቸው ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ‹ነገሌም ፕሉቶ ናት› ብሎ ክፍሉን ያሳቀውን ተማሪ ስም ንገረኝ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

 እስኪመሽ አስብበት ብሎ ወደ እስር ክፍሉ መለሰኝ።

አጠገቤ ከብቶቻቸው የሹም ማሳ ገቡ ተብለው የታሰሩ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። አስተማሪ መሆኔን ካወቁ ጀምሮ በኦሮምኛ «ባርሲሳ» ነበር የሚሉኝ።

«ባርሲሳ፣ ምን ጠየቁህ?»

«ስለ ፀሐይ ነው፣ አባቴ።»

የጋለውን ቆርቆሮ ቀና ብለው አዩት። «ፀሐይ ምን አጠፋች?»

 በበሩ ሥር ትንሽ ነፋስ ትገባለች፤ እዚያ የምንጋደመው በተራ ነበር። ተራው የሳቸው ነበር፤ ተነሥተው ቦታውን ለቀቁልኝ።

«አንቱ ይረፉ እንጂ» አልኳቸው።

«ናጋ ነው፤ ደህና ነኝ፤ ተኛ» አሉኝ።

ሲመሻሽ መቶ አለቃው ወረቀትና ብዕር አቀረበልኝ። «ነገሌ ፕሉቶ ናት ያልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

አነበበው። «ውሸትህን ነው» አለኝ፣ ሳይቆጣ።

«ይሁን፣ ጌታዬ» ብዬ ብዕሩን መለስኩለት።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ታስሬ ቆየሁ። ሽማግሌው ቀድመውኝ ወጡ።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን የሰሙ ሰዎች ጎበዝ ነበርክ ይሉኛል። በጣም ደክሞኝ ስለነበር ነው፤ ማሰብም አልቻልኩም እላቸዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን፣ ምክንያቱ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ የልጁን ስም ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ እንደነበር አስባለሁ።