ሳሩሊ የባሏን ስም የጠራች ዕለት

ቡራንስ የሚባለው አበባ ሽታ የለውም። ከዚያ ጸደይ ትዝ የሚለኝ ቀለሙ ነው። ተራራው ሁሉ እሳት የተያያዘ ይመስል ቀልቶ ነበር። ሣር አጭደን ስንመለስ አበባውን ጠጉራችን ውስጥ እየሰካን፣ ማሩን እየመጠጥን፣ ያለ ምክንያት እንስቅ ነበር። ብርዱ ለቆናል፤ ወገባችን ቀሎናል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁላችንም አንድ ደግ ነገር የሚመጣ ይመስለን ነበር።

ከሁላችን ጮክ ብላ የምትስቀው ሳሩሊ ነበረች። የባሌ የታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት። እኔ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሙሽራ ሆኜ ስገባ የዳጉሳ ቂጣ እንዳይቃጠልብኝ አጠገቤ ቁጭ ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ዲዲ፣ ታላቅ እህቴ፣ እላት ነበር። ባሏ ልጃቸው ሄማ ሁለት ዓመት ሲሞላት ዴልሂ ወርዶ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገባ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ከዚያ ተወ። ድምፁ ከጠፋ ያን ጸደይ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው የብርድ ወራት የአረቄውን ሱቅ አዘግተን ነበር። ዘዴው የሳሩሊ ነበር። ሃያ ሦስት ቀን በሩ ላይ ተቀምጠን ሹራብ ሠራን፤ ከፊት ያስቀመጥነው አማቶችን ነው። "ማን ወንድ ነው የሚስቱን እናት ተራምዶ የሚጠጣ?" አለች። እውነትም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ከከተማ መነጽር ያደረጉ ሴቶች መጥተው የሴቶች ንቅናቄ ናችሁ አሉን። እኛ ስም እንዳለው አላወቅንም ነበር። ቀጥሎ የቧንቧ ውኃ ጠየቅን፤ እሱም መጣ። የከተማዎቹ ሴቶች አሁንስ ምን ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁን።

"መሬቱን" አለች ሳሩሊ። "ፍግ የምሸከም እኔ፣ የማርም እኔ፣ የማጭድ እኔ። መዝገቡ ላይ ያለው እሱ።"

ከመሬት ተነሥታ አልነበረም እንዲህ ያለችው። የባሏ አጎት፣ ካካ ዲዋን የምንለው፣ ለአምስቱ እርከኗና ለሁለቱ የኮክ ዛፎቿ ገዢ አግኝቶላቸዋል የሚል ወሬ ደርሷታል። ከቆላ የመጣ ሰው እንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት ነው አሉ። ያ ከተሸጠ እሷና ሄማ የሚበሉት የላቸውም። ደግነቱ በዚያው ሰሞን ባሏ ርቆ የቀረ ሴት የምታለማውን መሬት በስሟ ማስመዝገብ ትችላለች ተባለ። ሳሩሊ በማግስቱ ብቻዋን ወረዳ ወረደች።

ነገር የተበላሸው እዚያ ነው። በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ከጠራች ዕድሜው ያጥራል። እኛም "የሄማ አባት" እንል ነበር እንጂ ስም አንጠራም፤ የባልን ታላቅ ወንድም ስም መጥራት እንዲያውም ይብሳል። ስሙ ጉላብ ሲንግ ነው፤ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት። ጉላብ ማለት ጽጌረዳ ነው።

ጸሐፊው የባልሽ ስም ማነው ሲላት የሄማ አባት አለችው። ስም ነው የጠየቅኩሽ አላት። ጨነቃት። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ቡራንስ ተቀምጦ ስላየች እሱን አመልክታ እንደዚህ ያለ፣ ግን እሾህ ያለው ነው አለችው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ጻፈ፤ ማኅተም መታ። እሷም ገባው ብላ ደስ ብሏት መጣች።

ከወር በኋላ ደብዳቤ ደረሳት። ሦስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ቡራንስ ሲንግ የሚባል ባለመሬት በመዝገብ ስለሌለ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቀርባ በቃል ካላረመች ማመልከቻው ውድቅ ነው ይላል። እያለቀስኩ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ "በቃል" የሚለውን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

በቀጠሮው ቀን አሥራ አንድ ሴቶች ሆነን በአውቶቡስ ወረድን። ካካ ዲዋን ቀድሞን ቢሮው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። የወረዳው ሹም ወጣት ነው፤ በትሕትና ስሙን ይንገሩኝ እህቴ አላት። እኔ በወረቀት ልጻፈው ብዬ ጠየቅኩ፤ በአፍ ነው የሚነገረው፤ ወይ አመልካቿ ራሷ ወይ የባሏ ዘመድ አለኝ። እኛ ሴቶቹ እንዳንጠራላት ከመንደራችን ወንድ ሁሉ ጋር በጋብቻ የተሳሰርን ነን፤ ስሙ ለእኛም ክልክል ነው።

"ካካ፣ እርስዎ ይጥሩልኝ" አለችው ሳሩሊ።

"ጉሮሮዬን አሞኛል ልጄ።" አንድ ኦቾሎኒ ዋጠ። "ባልሽን መግደል ካማረሽ ራስሽ ጥሪው።"

ፊቷ አመድ መሰለ። ባሏ ዘጠኝ ዓመት አልጠየቃትም፤ ግን እንዲሞትባት አትፈልግም ነበር። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አወረደች። ከዚያ መልሳ ገፈፈችው።

"ጉላብ ሲንግ" አለች።

"አልሰማሁም" አለ ሹሙ።

"ጉላብ ሲንግ ነው! የጎማን ሲንግ ልጅ። አንዴ ከጀመርኩማ አማቴንም ልጥራው።"

ሁላችንም አፋችንን በእጃችን ያዝን። ከዚያ ሳቁ አመለጠን። ሹሙም ሳቀ፤ ጻፈ። ካካ ዲዋን ኦቾሎኒውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዷ የባሏን ስም በሹክሹክታ ጠራች። ሌላዋ ቀጠለች። በየተራ ሆነ። ሹፌሩ ከመካከላችን የአንዷ፣ የጋውሪ፣ ባል ነበር፤ ተራዋ ደርሶ "ኬሳር ሲንግ!" ብላ ስትጮህ መኪናውን ቀጥ አድርጎ አቆመና ዞሮ "ማን ሞተ?" አለ። እስከ መንደር ድረስ ሳቃችን አላባራም።

ሳሩሊ ግን ከዚያ በኋላ ፖስተኛ ባየች ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ዳጉሳ ስንዘራ ባሏ ራሱ አዲስ ሻንጣ ይዞ ከች አለ። ካካ ዲዋን ጽፎለት ነው።

"ስሜን ቢሮ ውስጥ ጠራሽ አሉ" አላት ደጅ ላይ ቆሞ።

"ሁለት ጊዜ። ሹሙ ጆሮው ደከም ያለ ነው።"

"ብሞትስ?"

"ይኸው አየሁህ፤ እንዲያውም ወፍረሃል። ግባ፣ ቂጣ አለ።"

አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ፣ መሬቱን እሸጣለሁ ሳይል ተመልሶ ሄደ። መሬቱ በስሟ ወጣ።

ሄማ አድጋ አስተማሪ ሆነች። ባሏን "ቲላክ! ቲላክ!" እያለች ፍየል እንደምትጠራ ትጠራዋለች፤ እሱም ይመጣል። እሷና ጓደኞቿም ስብሰባ አላቸው። አውቶቡስ ላይ እጁን ስለሚሰድ ወንድ፣ ስለ እኩል ደመወዝ፣ ቤት ውስጥ ሳህን ማን ያጥባል ስለሚባለው ያወራሉ። አንድ ቀን አብረን ሄደን ስለ ሳህን ሲከራከሩ እኔ ፈገግ ብል ሳሩሊ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"አትሳቂ" አለችኝ። "እኔ ያንን ለመጠየቅ ደፍሬ አላውቅም።"

አምስቱ እርከኖች ዛሬም በሳሩሊ ስም ናቸው፤ ጉልበቷ ዳገቱን ስለከለከላት የማርማቸው እኔ ነኝ። እሷ ሃልድዋኒ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በስተጀርባ፣ ሄማና ቲላክ በተከራዩት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ዘንድሮ ዝናሙ ሲገባ ስደውልላት እዚያው ሆና ስለ እርከኖቿ ጠየቀችኝ።