ውሻ ያሳቀፍኳቸው ሰውዬ

ሰመራ ላይ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የሚመጣልኝ ግመል፣ ፍየልና ላም ነው፤ ውሻ ላሳክም ብሎ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። እኚህ ሰውዬ ግን ባጃጅ የገጨውን ውሻቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ክሊኒኬ በር ላይ ቆሙ። ገና ድምፃቸውን ስሰማ ደሜ ፈላ።

ያደግኩት አዋሽ፣ የባቡር ጣቢያው ሰፈር ነው። እሳቸው የጣቢያው ሹም፣ የአባቴ አለቃ ነበሩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ውሻዬ ግቢያቸው ገባ ብለው በብረት ጭኑን ሰበሩት። አባቴ አለቃውን ደፍሮ መናገር አልሆነለትም፤ ወጌሻ ጠራልኝ። ወጌሻው ለሰው የተመሰገነ እጅ ነበረው። ውሻ ግን ታግሎ ይፈታዋል ብሎ ስንጥሩን በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ጥፍር አድርጎ አሰረው። እኔም ጥብቅ ይበልልኝ እያልኩ ለመንኩት፤ የጠበቀ ቶሎ የሚድን መስሎኝ። በአራተኛው ቀን እግሩ ቀዘቀዘ፣ ጠቆረ፣ ሸተተ። በሳምንቱ ሞተ። ሰውዬው ሳለቅስ አይተው "ለውሻ ደግሞ ይለቀሳል?" ብለው ሳቁ። አጥንት መጠገን የተማርኩት በዚያ እልህ ነው፤ ለምን እዋሻለሁ!

"ዶክተር፣ ልጄ፣ እባክሽ አድኝልኝ" አሉኝ። ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ሰመራ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ቢሮ ስለሚውል ከዚያ ውሻ በቀር አጫዋች የላቸውም። ያወቁኝ አልመሰለኝም። እሰይ፣ እጄ ገቡ አልኩ በሆዴ። "አይድንም፣ ይገደል" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ውሻው ግን እጄን ላሰኝ። እሱ ምን አደረገኝ?

የሰው ክሊኒክ ለምኜ በምሳ ሰዓት ራጅ አስነሳሁት። ጭኑ መሀል ለመሀል ተሰብሯል። በማደንዘዣ አስተኝቼ ጡንቻውን ከፈትኩ፤ ሁለቱን ጫፎች ገጠምኩና ቀጭን ብረት በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ በእጄ እያዞርኩ አሳለፍኩ። ላቤ ቁስሉ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በፎጣ አስሬያለሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ በገመድ ይዞ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ይበቃው ነበር። እኔ ግን "ስድስት ሳምንት መሬት እንዳይረግጥ። ለሽንትም ቢሆን እርስዎ ራስዎ አቅፈው ያውጡት" አልኳቸው። እኛ ዘንድ ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ይታቀፋል እንዴ? ያ ሁሉ ኩራት፣ ያ ሁሉ ሹምነት፣ ጠዋትና አመሻሽ ውሻ አቅፎ መንገድ ወጣ። የባጃጅ ሾፌሮች "ማሻላህ! በስተርጅና ልጅ አገኙ!" እያሉ ይጮሁባቸዋል። የቢሮ ሠራተኞች ቆመው ይስቃሉ። እኔም ሆን ብዬ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

በስድስተኛው ሳምንት አቅፈው አመጡት። አጥንቱ ገጥሟል፤ መሬት ባስቀምጠው በአራት እግሩ ተራመደ።

"ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብዎት አይደል?" አልኳቸው፤ አላስችል ብሎኝ።

"ይሳቅ። ከመልካ ወረር የመጣ አንድ የከብት ሐኪም በመጀመሪያው ሳምንት አይቶት፣ በገመድ መያዝ ይበቃዋል ብሎኝ ነበር።"

ክው አልኩ። "ታዲያ ለምን አቀፉት?"

"የማን ልጅ እንደሆንሽ በሩ ላይ ሳይሽ ነው ያወቅኩት። ቁርጥ አባትሽን። ያንን ውሻም አልረሳሁትም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅር ይላል፣ ያለቅስም ይሆናል። እኔ ተናደድኩ። እያወቁ ነው ለካ ቅጣቴን የተቀበሉት፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ የተደሰትኩበትን በአንድ ቃል ነጠቁኝ! ዓይናቸውን ሳላይ "ሁለት ሳምንት ይጨምሩ" አልኩ።

"እሺ ልጄ" አሉና ጎንበስ ብለው ውሻውን አነሱት።