ሙስሐፍና መጽሐፍ

ዘመኑ 2016 ነበር፤ መስከረም ጠብቶም ሐይቅ ከተማ ዝናቡ አላባራም። ደሴ የምትማረው ልጄ ዘሃራ ልትመለስ ስትሰናዳ፣ «አባየ፣ የቁርኣንን ጥራዝ ሙስሐፍ የምንልበት ቃል እኮ ከግዕዙ ‹መጽሐፍ› የመጣ ነው» አለችኝ።

ቁርኣን ከክርስቲያን ተቀዳ ያለችኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ። «ትምህርት በቃሽ!» ብዬ ሻንጣዋን ጓዳ አስገብቼ ቆለፍኩባት። እንዲገሥጿት የመስጊዳችን ሼህ ዘንድ ወሰድኳት።

ያለችውን ስነግራቸው ሼሁ ሳቁ። «አንተ ሰውየ፣ የቁርኣኑ ቃል የአላህ ነው። ሙስሐፍ የሚለው ስም ግን ከሐበሻ ወደ ዐረብ ሄደ ያሉ ዑለማዎች አሉ። ጁምዓ ወጥቼ ኹጥባ የማሰማበት መድረክ፣ ሚንበሩም ከጎረቤትህ ከቄሱ መንበር ጋር አንድ ስም ነው ይላሉ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ! እኔም ስሰማ እንዳንተው ደንግጫለሁ።»

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። ቤት ገብቼ ሻንጣዋን አወጣሁና ራሴ ተሸክሜ ሚኒባስ አሳፈርኳት።