ሽማግሌዎቹ የተሳሳቱበት ቤት

የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኜሪዎቹ፣ ሊይዙኝ ሲመጡ እየጻፍኩ ነበር። ቀትር ላይ ነው። ከሸዋ መጥቼ መቀሌ ከቀረሁ ዓመታት አልፈው፣ በጣሊያኖች ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራው ከጧት እስከ ማታ ፋታ አይሰጥም። ጣሊያኖቹ ግን ምሳቸውን በልተው ጋደም ይላሉ፤ እነሱ የሚተኙባት ሰዓት የእኔ ነበረች። ከጆንያው ክምር ጀርባ ተቀምጬ በእርሳስ የፍቅር ታሪክ እጽፋለሁ። ያውም የሚያስቅ። ለማንም አልተናገርኩም። አገር ተይዞ፣ ሰው ጫካ ገብቶ፣ አንተ የምን ፍቅር ነው የምትጽፈው እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

አንደኛው የምጽፍበትን ደብተር ነጠቀኝ። ሁለተኛው እጄን አሰረ።

ያስገቡኝ ቀድሞ የጨው መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ድንጋዩ ጨው ጠጥቷል፤ ትንሽ ከቆየህበት ከንፈርህ ይሰነጠቃል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ከበሩ በላይ ባለች ክፍተት ብቻ ነው። ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ጢማቸው የሸበተ የእንደርታ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ቢሸፍት በእሱ ፋንታ የታሰሩ። እንዳገሩ ወግ አቦይ እላቸው ነበር። ሌላው ለአርበኞች ዕቃ አቀብለሃል የተባለ የወሎ ጨርቅ ነጋዴ ነው።

“አንተስ ምን አድርገህ ነው?” አለኝ ነጋዴው።

“ጽፌ።”

“ምን ጽፈህ?”

አፈርኩ። “ስለ አንድ ልብስ ሰፊ” አልኩት።

“ወላሂ፣ በልብስ ሰፊ የታሰረ ሰው ገና ዛሬ አየሁ። በል ንገረን።”

ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊው አንዲት ጨው ሻጭ ወዷል። ዓይን አፋር ስለሆነ ራሱ አይናገርም፤ ሦስት ሽማግሌዎች ይልካል። ሽማግሌዎቹ ቤት ተሳስተው ጎረቤቷን ባልቴት ይጠይቁለታል። ባልቴቷም እዚያው በዚያው እሺ ትላለች። ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቦይ ግን አልሳቁም።

“ስማዕ ወደይ” አሉኝ፤ ልጄ ስማኝ ማለታቸው ነው። “ሽማግሌ የሴቲቱን አባት ስም ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። ይህ ነገርህ አያምርም።”

“ታዲያ ምን ላድርግ አቦይ?”

ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። “የሁለቱም አባት ስም አንድ ይሁና!”

ሁለት ወር ሙሉ ያቃተኝን ነገር በአንድ ቃል ፈቱት።

ዕድሜዬን ሁሉ ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ ስል ኖሬ፣ ጊዜ እንደ ልብ ሲሆን እርሳስ አጣሁ። ስለዚህ ቀጣዩን ምዕራፍ በሐሳቤ እየሠራሁ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱ ያርሙኛል። ነጋዴው ለባልቴቷ አዳላ። “እሷን ሰው ፊት ብታዋርዳት አላናግርህም” አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ተጠራሁ። አንድ ጣሊያናዊ ሹም ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከመረብ ማዶ የመጣ አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሟል። አንድ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል፦ “ሦስቱ ሽማግሌዎች ማክሰኞ በገበያው ጀርባ ይገባሉ።”

“እነዚህ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው ይልሃል” አለኝ አስተርጓሚው።

“የልብስ ሰፊው አማላጆች ናቸው።”

“ስማቸውን ጽፈህ ከፈረምክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። እምቢ ካልክ ባሕር ዳርቻ ወዳለው እስር ቤት ትላካለህ ይልሃል።”

ከገበያው ጀርባ የሚኖሩ ሦስት ሽማግሌ ማግኘት ቀላል ነው። የማንንም ስም ብጽፍ በማግስቱ ይለቀማሉ። ጧት ጧት ሰላም የምላቸው ሰዎች ፊት ድቅን አለብኝ።

“ከፊተኛው ገጽ ጀምረህ አንብብለት” አልኩት አስተርጓሚውን።

እያነበበ ይተረጉም ጀመር። ባልቴቷ ሽማግሌዎቹን “ምነው እስካሁን ቆያችሁ?” የምትልበት ሲደርስ ድምፁ ተቆራረጠ። ሳል ሊያስመስለው ሞከረ። አልሆነለትም፤ ሳቀ። ሹሙ ፊቱ ቀላ፤ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው።

“በገዛ እጅህ ቅደደው ይልሃል።”

“የጻፈ እጅ አይቀድም በለው።”

እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አላውቅም። ሹሙ ራሱ ተነስቶ ቀደደው። በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ የቃል መቀበያ ወረቀት ቀረበ። ስም፣ አገር፣ ሥራ። አስተርጓሚው ሥራ በሚለው ላይ “የግምጃ ቤት ጸሐፊ” ብሎ ሊሞላ ሲል አስቆምኩት።

“ደራሲ በል” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጻፈው። ያንን ቃል ስለ ራሴ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ከሥሩ በእጄ “ሦስቱ ሽማግሌዎች የእኔ ፈጠራ ናቸው፤ በመቀሌ ቤት የላቸውም” ብዬ ፈረምኩ።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ነጋዴው አጠገቡ አስቀመጠኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አቦይ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

“እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ ቤታቸው ያድራሉ” አሉ።

እንደተባለውም ወደ ባሕር ዳርቻው ላኩኝ። ስለዚያ ሌላ ጊዜ እንኳ ማውራት አልወድም። ጣሊያን ሲወጣ መቀሌ ተመለስኩ። አቦይን ጠይቄ ጠይቄ አላገኘኋቸውም። ሥራ ያዝኩ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ጊዜ እንደገና ጠፋ። ጧት ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ ሰዓት እየሰረቅሁ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስቼ በሦስት ዓመት ጨረስኩት። የሁለቱ ሴቶች አባት ስም አንድ ነው። ባልቴቷም አልተዋረደችም፤ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱን አገባች።

ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ በግማሽ ቀን ታልቃለች። ሰው ሲያነባት ይስቃል፤ ለዚያ ነው የጻፍኳት። በዚያ ዘመን ከእኔ የበለጠ የሠሩ ብዙ ናቸው፤ ጠመንጃ ይዘው የወደቁ አሉ። የእኔ ድርሻ፣ በዓለም ላይ ያልነበሩ ሦስት ሽማግሌዎችን አሳልፌ አለመስጠቴ ነው። እኮራበታለሁ።