ዘጠና ሳንቲሜትር

ቤታችንን መሥራት ስንጀምር ባለቤቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማድቤቱ መካከል፣ ከግድግዳ ሳይያያዝ ለብቻው የሚቆም የሥራ መደብ። ባለሙያዎቹ አይላንድ፣ ማለትም ደሴት፣ ይሉታል። ፔዳ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት ማድቤቱ ጠባብ ነበርና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ፊቷ ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዋ ወደ እኔ ነበር።

«ግድግዳ እያየሁ መሥራት ሰልችቶኛል» አለችኝ። «ሴት የማትከለከልበት ደሴት ሥራልኝ።»

ከተማችን ዳር ባለው ሐይቅ ደሴቶች ላይ ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ ሴት አያስገቡም። የቄስ ልጅ ስለሆነች እንዲህ ያለ ቀልድ አይከብዳትም ነበር።

እኔ ኮሌጅ ውስጥ የንድፍ ሥዕል አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ንድፉን ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ርዝመቱን ሁለት ሜትር አደረግሁት። ከምድጃው እስከ መደቡ ሁለት ሰው ሳይገፋፋ እንዲተላለፍ ቦታ ተውሁ። ቁመቱን ዘጠና ሳንቲሜትር ጻፍሁ፤ ሰው ቆሞ ሲሠራ ወገቡን ሳያጎብጥ የሚመቸው ልክ ነው።

ብሎኬቱ ተደርድሮ ሳያልቅ እግሯ ይከዳት ጀመር። አስተማሪ ነበረች፤ መጀመሪያ ሰሌዳ ተደግፋ፣ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አስተማረች። ክረምቱ ሲገባ ሐኪሙ ሁለታችንን አስቀምጦ ነገረን። የነርቭ ሕመም ነው፤ ጡንቻን ያዳክማል፤ ከእግር ይጀምርና ወደ እጅ ይወጣል፤ የሚያቆመው መድኃኒት የለም። እሷ ጥያቄ ጠየቀች። እኔ መስኮቱን አያለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ግንባታው ወሰድኋት። የመደቡን ቅርጽ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥዬ አሳየኋት። ክራንቿን አስቀምጣ የፕላስቲክ ወንበር አስመጣችና ጠመኔው አጠገብ ተቀመጠች። እጆቿን አየር ላይ ዘርግታ እንደ መክተፍ አደረገች።

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«ዘጠና።»

«ሰባ አምስት አድርገው። ተቀምጬ እንድሠራ። ከሥሩም ለጉልበቴ ክፍት ተውልኝ።»

«ትድኛለሽ እኮ» አልኋት።

«ድኜ ከቆምሁ ጎንበስ ብዬ እሠራለሁ። ካልዳንሁስ?»

ዝናቡ እየመጣ ነው ብዬ ወረቀቱን ጠቀለልሁ።

ግንበኛው ከሐሙሲት የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሥራው መደቡ ላይ ሲደርስ ሜትሩን ይዞ ጠራኝ።

«መምህር፣ እትዬ ሰባ አምስት ብለውኝ ነበር።»

«ንድፉ ላይ ያለውን ሥራ» አልሁት።

ያን ጊዜ እምነት መስሎኝ ነበር። ሰባ አምስት ብዬ ብጽፍ በሕመሟ ላይ የፈረምሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። ዘጠና ሳደርገው ግን አንድ ቀን ቆማ የምትሠራበትን ቦታ እያዘጋጀሁላት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ለእሷ አልነገርኋትም።

በጥር ገባን። እናቷ ሊያግዙን ከአንበሳሜ መጡ። ባለቤቴ በዚያ ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የምትንቀሳቀሰው። ገፍቼ ወደ ማድቤቱ አስገባኋት፤ ጥቁሩ ግራናይት ያብለጨልጫል። ጠርዙ ደረቷ ላይ ደረሰ። ጉልበቷ ከግንቡ ጋር ተጋጨና ወንበሩ አልጠጋ አለ። እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ ግራናይቱ ላይ አሳረፈቻቸው፤ የትልቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠች ሕፃን መሰለች። ቢላ ጠየቀች። ሰጠኋት። ክንዶቿ እንደ ተሰቀሉ ሽንኩርቱን ሁለት ጊዜ ቆረጠችው። በሦስተኛው ተንሸራቶ ወደቀ። እናቷ አንሥተው አጠቡትና መልሰው አስቀመጡት።

«ሰባ አምስት ብዬህ ነበር» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«እኔ እከትፍልሻለሁ።»

«እንድትከትፍልኝ አይደለም የጠየቅሁህ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ማድቤት አልገባችም። ምግቡን እናቷ ይሠራሉ፤ እሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ ትቀበላለች። መደቡን ላስፈርሰው ወሰንሁ። ግንበኛውን ስጠራው ግን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፤ ሲመለስ ደግሞ ሲሚንቶ ጠፋ። በመጨረሻ ሲያፈርሰው ግራናይቱ ተሰነጠቀና በሴራሚክ ተካነው። ሰባ አምስት ሳንቲሜትር፣ ሥሩ ክፍት። ሰኔ ላይ አለቀ።

ገፍቼ ሳስገባት ወንበሩ እስከ መጨረሻው ገባ። ፊቷ ወደ እኔ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ዳር ቀረሶ ዓሣ እየገዛሁ አመጣላት ጀመር፤ ዓሣውን ቀስ ብላ ትልጠዋለች፣ አጥንቱን ትለያለች፣ ስለ ተማሪዎቿ ታወራኛለች። ይህ የቆየው ሦስት ሳምንት ያህል ነው። አንድ ጠዋት ቢላው ከእጇ ወጣ። አነሣሁላት። እንደገና ወጣ። ጣቶቿን አየቻቸው፣ ከዚያም እኔን።

«ውሰደው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ሳይገባ ዐረፈች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ እናቷ ወደ አንበሳሜ ለመመለስ ተነሡ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ ምስር ሲለቅሙ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ። ለማንም ያልነገርሁትን ለእሳቸው ነገርኋቸው። ሰባ አምስት እንዲሆን ባለቤቴ ቀድማ እንደ ነገረችኝ፣ ግንበኛው እንኳን እንደ ጠየቀኝ፣ እኔ ግን እንቢ እንዳልሁ። መደቡ ዘጠና ሆኖ የቆመው አምስት ወር መሆኑን፣ በእነዚያ ወራት እጇ ደህና እንደ ነበር።

«እንደ ነገረችኝ ብሠራው ኖሮ አምስቱን ወር ትሠራበት ነበር» አልኋቸው።

እሳቸው ሐዘንተኛን ማጽናናት የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ የቄስ ሚስት ሆነው ስንት የለቅሶ ቤት ገብተዋል። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ጠጠር ከምስሩ ለይተው ወደ ጎን አኖሩ።

«አዎ ልጄ» አሉኝ። «ትሠራበት ነበር።»

በማግሥቱ ጠዋት ሻንጣቸውን ይዤ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። መኪናው እስኪሞላ አጠገባቸው ቆምሁ።